በአማተር ፑል ሊግ ስለ ደረጃና ሃንዲካፕ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

አሜሪካ ውስጥ ፑል ሊግ የሚጫወቱ ወይም ሊገቡ ያሰቡ ወገኖች ደጋግመው የሚያነሷቸው ጥያቄዎች እነዚህ ናቸው፤ ከቀላሉ ጀምረን ወደ ከባዱ እንሄዳለን።

ሃንዲካፕ ምንድን ነው? ለምንስ አስፈለገ?

ጎበዝና ጀማሪ ተጋጥመው ሁለቱም የማሸነፍ ዕድል እንዲኖራቸው የሚደረግ ማመጣጠኛ ነው። ሰፈር ፑል ቤት ጎበዙ ለደካማው ኳስ ሲለቅለት ያየ ሰው ነገሩን ያውቀዋል። ሊጉ ግን በድርድር ሳይሆን በቁጥር ነው የሚሠራው።

በስፋቱ የሚታወቀው ሊግ ኤ.ፒ.ኤ. የሚባለው የአሜሪካ ፑል ተጫዋቾች ማኅበር ነው። ቴሪ ቤልና ላሪ ሃባርት የተባሉ ሁለት ፕሮፌሽናል ተጫዋቾች እ.ኤ.አ. በ1979 መሠረቱት። ዛሬ ከ200,000 በላይ አባላት አሉት። በኤይት ቦል (ስምንት ቁጥሩ መጨረሻ ላይ በሚገባበት ጨዋታ) ደረጃው ከ2 እስከ 7 ነው። በናይን ቦል (ኳሶቹ በቁጥር ተራቸው በሚመቱበት ጨዋታ) ደግሞ ከ1 እስከ 9። ቁጥሩ ሲጨምር ችሎታው ይጨምራል። ደረጃ 7 የሆነ ተጫዋች ደረጃ 2ን ሲገጥም 7 ጌም ማሸነፍ አለበት። ለደረጃ 2ቱ ግን 2 ጌም ይበቃዋል። ሁለት ደረጃ 4ዎች ከተገናኙ 3 ለ 3 ነው። በናይን ቦል ነጥብ ነው የሚቆጠረው፦ እያንዳንዱ ኳስ 1 ነጥብ፣ ዘጠኝ ቁጥሩ 2 ነጥብ። ደረጃ 1 ለማሸነፍ 14 ነጥብ ይበቃዋል፤ ደረጃ 9 ደግሞ 75 ይጠበቅበታል።

ከሥራ በኋላ በሳምንት አንድ ማታ ብቻ ስቲክ የሚይዝ ሰው፣ ዕድሜውን ሙሉ ጠረጴዛ ላይ ያደገውን ገጥሞ በሕጉ ሊያሸንፍ ይችላል ማለት ነው። ይሄ ትልቅ ነገር ነው። የሚሠራው ግን ከስሙ ጎን ያለው ቁጥር እውነት ከሆነ ብቻ ነው።

የእኔ ደረጃ የሚሰላው በምንድን ነው?

በኤ.ፒ.ኤ. ኤይት ቦል ዋናው መለኪያ ለማሸነፍ ስንት ኢኒንግ ፈጀባችሁ የሚለው ነው። አንድ ኢኒንግ የሚባለው ሁለታችሁም ተራችሁን ተጫውታችሁ ስትጨርሱ ነው። አንድ ጌም በ3 ኢኒንግ የሚዘጋ ሰው በ8 ከሚዘጋው እንደሚበልጥ ግልጽ ነው። በናይን ቦል ደግሞ በአንድ ኢኒንግ በአማካይ ስንት ነጥብ አገኛችሁ የሚለው ይታያል።

ስርዓቱ ከቅርብ ጊዜዎቹ 20 ውጤቶች ምርጦቹን 10 ይወስዳል። ስለዚህ መጥፎ ማታ ብዙም አይጎዳችሁም፣ ብዙም አይጠቅማችሁም። የሚታየው ጥሩ ስትሆኑ የምትደርሱበት ቦታ ነው። ዝርዝር ቀመሩን ማኅበሩ ይፋ አያወጣውም። እኔ በዚህ እስማማለሁ፤ ቀመሩ ቢታወቅ ቁጥሩን እያሰሉ የሚጫወቱ ሰዎች ይበዙ ነበር።

አገር ቤት ለዓመታት ተጫውቻለሁ፤ እዚህ ሊግ ግን ገብቼ አላውቅም። እንደ ጀማሪ ልመዝገብ?

አይሆንም። አዲስ ሰው ሁሉ መነሻ ደረጃ ይሰጠዋል። ደንቡ ግን ችሎታው የሚታወቅ ተጫዋች ከፍ ብሎ እንዲጀምር ያዛል። ችሎታችሁን የምታውቁት ደግሞ እናንተ ናችሁ። ካፒቴኑ ሲጠይቃችሁ የት እንደተጫወታችሁና ለስንት ዓመት እንደተጫወታችሁ፣ በገንዘብም ተጫውታችሁ ከሆነ በግልጽ ንገሩት።

አንዳንዱ ከዚህ ጋር የሚያነሳው ነገር አለ፦ «እዚህ ጠረጴዛውም ሕጉም ሌላ ነው፣ ስለዚህ ጀማሪ ነኝ።» ልዩነቱ እውነት ነው። ሊጉ በአብዛኛው የሚጫወተው መጠጥ ቤት በሚቀመጠው ባለ 7 ጫማ ጠረጴዛ ነው፤ በባለ 9 ጫማ የለመደ ሰው ትንሽ ይቸገራል። ግን ይሄ በጥቂት ሳምንት የሚለመድ ነገር ነው። ነጩን ኳስ የፈለገበት ማቆም የሚችል እጅ ጀማሪ አይባልም።

ሳንድባጊንግ የሚሉት ምኑን ነው? ሰውስ ምን አግኝቶ ነው የሚያደርገው?

ደረጃው ዝቅ ብሎ እንዲቆይ ሆን ብሎ ከአቅም በታች መጫወት፣ ወይም ውጤቱን አዛብቶ መመዝገብ ነው። ለምን? መልሱን የቡድኑ ስሌት ውስጥ ታገኙታላችሁ። በአንድ የቡድን ግጥሚያ አምስት ሰው ይሰለፋል፤ የአምስቱ ደረጃ ተደምሮ ከ23 ማለፍ የለበትም። 7፣ 6፣ 4፣ 3፣ 3 ሲደመር ልክ 23 ነው። እንግዲህ በእውነት 6 የሆነ ሰው በወረቀት 4 ሆኖ ከቆየ ቡድኑ ሁለት ደረጃ በነጻ አገኘ ማለት ነው። በዚያ ቦታ ሌላ ጠንካራ ተጫዋች ያስገባል።

ጉዳቱ ጠረጴዛው ላይም አለ። እውነተኛ 6 ከደረጃ 5 ጋር ሲጫወት እሱ 5 ጌም፣ ተጋጣሚው 4 ጌም ነው የሚያስፈልጋቸው። በ4 ስም ከገባ ግን እሱ 3 ጌም ይበቃዋል፤ ተጋጣሚው ያው 4 ማሸነፍ አለበት። ከባዱን ሸክም ለደካማው አሸከመው ማለት ነው። ያ ደረጃ 5 ምን እንደተደረገበት ሳያውቅ፣ ራሱን እየወቀሰ ወደ ቤቱ ይሄዳል።

የሚገኘው ጥቅም ብዙ ጊዜ ትንሽ ነው፦ የሠፈር ዋንጫ፣ ጥቂት ዶላር፣ ላስ ቬጋስ በየዓመቱ ወደሚደረገው ሻምፒዮና መሄጃ። የላስ ቬጋሱ ግን ብዙ ሰው ያስጎመዣል። ማጭበርበሩ የሚብሰውም ማጣሪያው ሲቃረብ ነው።

ዲፌንስ መመዝገብ አለበት ሲሉኝ እሰማለሁ። ይሄን ያህል ለምን ይካበዳል?

እንዲያውም ከዚህ ሁሉ ዋናው እሱ ነው። ዲፌንስ የሚባለው ኳስ ለማስገባት ሳይሆን ተጋጣሚን መጥፎ ቦታ ላይ ለመተው የሚመታ ምት ነው። ነጩን ኳስ ከሌላ ኳስ ጀርባ መደበቅ የተለመደው ዓይነት ነው። ሕጋዊና የሚደነቅ ጨዋታ ነው። በውጤት ወረቀቱ ወይም በስልኩ አፕ ላይ ግን የራሱ መመዝገቢያ አለው። ካልተመዘገበ ያ ተራ እንደ ስህተት ይቆጠራል።

አንድ ምሳሌ እንሥራ። አንድ ሰው 4 ጌም ለማሸነፍ 20 ኢኒንግ ፈጀበት እንበል። በአማካይ ለአንድ ጌም 5 ኢኒንግ ነው። ከእነዚያ ውስጥ 8ቱ ዲፌንስ ተብለው ቢመዘገቡ ግን ስለሚቀነሱ የሚቀረው 12 ነው፤ አማካዩ 3 ይሆናል። በ5 የሚዘጋና በ3 የሚዘጋ ሰው ፈጽሞ የተለያዩ ተጫዋቾች ናቸው። ይሄ ሰው ሆን ብሎ የሳተው አንድም ኳስ የለም። ወረቀቱን የያዘው ሰው ዝም ስላለ ብቻ ደካማ መስሎ ታየ። ሰው ሳንድባጊንግ ሲባል ሆን ብሎ መሳት ብቻ ይመስለዋል። እኔ ግን በሊጉ ውስጥ ያለው አብዛኛው የተዛባ ደረጃ ከብዕሩ የሚመጣ ነው ብዬ አምናለሁ። ከዚያም ውስጥ ብዙው ክፋት የለበትም። መዝጋቢው ወሬ ይዞት፣ ምግብ መጥቶለት፣ ስልክ እያየ ነው የሚያመልጠው።

ምቱ ዲፌንስ ነው ወይስ ስህተት የሚለውን የሚወስነው የተጫዋቹ ሐሳብ ነው። ስለዚህ የሚያውቀው መቺው ነው። ዲፌንስ ስትመቱ ለመዝጋቢው ጮክ ብላችሁ «ዲፌንስ» በሉት። መዝጋቢ ከሆናችሁና ከተጠራጠራችሁ ጠይቁ፤ መጠየቅ ክስ አይደለም። ሁለቱም ቡድኖች ይመዘግባሉ፤ በየጌሙ መጨረሻ ቁጥሩን አስተያዩት። ማታ ሰው ሁሉ ጃኬቱን ለብሶ ሲወጣ ከማስታረቅ ያን ጊዜ ይቀላል።

ተጋጣሚዬ በጣም ደካማ ሲሆን አዝኜለት ላላ ብዬ ብጫወት ችግር አለው?

ይሄን የሚጠይቁኝ ደግ ሰዎች ናቸው። እኛ ዘንድ ይሉኝታ አለ። ጀማሪን፣ በተለይ በዕድሜ የገፋን ሰው፣ ዓይኑ እያየ ጠራርጎ መውጣት ደስ አይልም። የቤት ጨዋታ ቢሆን እኔም ላላ በሉለት እል ነበር።

ሊግ ላይ ግን ለተጋጣሚያችሁ ሊታዘንለት የሚገባው በሙሉ አስቀድሞ ታዝኖለታል። 2 ጌም ብቻ የሚበቃው ለዚያ ነው። እናንተ በላዩ ላይ ስታክሉበት ኢኒንጉ ይበዛል፣ ደረጃችሁ ከእውነታው በታች ይሆናል፣ በሚቀጥለው ሳምንት ሌላ ምንም የማያውቅ ሰው ይከፍላል። በዚያ ላይ ሰውየው ያሸነፈው እንደተለቀቀለት ቢሰማ ደስታው ይጠፋል። ሙሉ ጨዋታችሁን ተጫወቱ። ደግነታችሁን ከጨዋታው በኋላ አሳዩት፤ ቁጭ ብላችሁ የትኛው ምት እንዳሳተው ብታሳዩት ውለታችሁን አይረሳም።

ካፒቴኔ «ዛሬ ቶሎ አትዝጋው» ቢለኝ ምን ልበል?

ሁለት ዓይነት ነው። ካፒቴኑ «ተረጋጋ፣ አትቸኩል፣ ምቱን አስብበት» ማለቱ ከሆነ ምክር ነው። «ኢኒንግ ጨምር» ማለቱ ከሆነ ግን ማጭበርበር እየጠየቃችሁ ነው። አብዛኛውን ጊዜ በግልጽ አይናገሩትም። «ማጣሪያው እስኪደርስ ደረጃህ ባይወጣ ጥሩ ነበር» ብለው ዘወር ይላሉ።

ካፒቴኑ ታላቃችሁ ከሆነ፣ ወደ አሜሪካ ስትመጡ የተቀበላችሁ ወይም ሥራ ያስገባችሁ ሰው ከሆነ እምቢ ማለት ከባድ ነው። በቡድኑ ፊት አትመልሱለት። ለብቻው «ጋሼ፣ እንደዛ መጫወት አልችልም፤ እጄም እሺ አይለኝም። ቁጥሩ ካስቸገረህ ሌላ ሰው አሰልፍና እኔ ዛሬ ልረፍ» በሉት። መውጫ ትሰጡታላችሁ፣ እናንተም አትዋሹም። ሁለተኛ ከደገመው ቡድን ቀይሩ። ይሄን ስል ቀላል ነው ማለቴ አይደለም፤ ብዙ ሰው ሊግ የሚገባው ከአገሩ ልጆች ጋር ለማምሸት ነው። ቢሆንም በየሳምንቱ አንድ ማታ ውሸታም ሆኖ ማምሸት ከዚያ የበለጠ ይከብዳል።

ደረጃዬ ወጣና ቡድናችን ከ23 በለጠ። መሻሻል ለምን ያስቀጣል?

ቅሬታው ተገቢ ነው። አምስት ሰዎች ሁሉም 4 ሆነው ቢጀምሩ ድምራቸው 20 ነው። ተለማምደው ሁሉም 5 ቢሆኑ 25 ይሆናል፤ አንድ ላይ መሰለፍ አይችሉም። አብረው ያደጉ ጓደኛሞች በማደጋቸው ይለያያሉ። ያማል። ሰውን ወደ ማጭበርበር የሚገፋውም ከስግብግብነት ይልቅ ይሄ ይመስለኛል፤ ቡድኑ እንዳይበተን ነው።

ግን የ23ቱ ገደብ ባይኖር ምን እንደሚሆን አስቡት። ጎበዞቹ ተሰብስበው አንድ ቡድን ይሠሩና ሌላው ሁሉ ዓመቱን ሙሉ ይሸነፋል። ለደረጃ 2 እና 3 ተጫዋቾች ቦታ የሚገኘው በዚህ ገደብ ምክንያት ነው። አንድ ቡድን እስከ ስምንት ሰው ማስመዝገብ ይችላል፤ ስለዚህ ሁለት ጀማሪዎች ጨምሩና ተፈራረቁ። ጀማሪ ማሠልጠን ያስደስታል፣ ቡድኑንም ያቆየዋል። ካልሆነ ሁለት ቡድን ሆናችሁ ተካፈሉ፤ አንድ ቤት፣ በአንድ ማታ መጫወት ትችላላችሁ።

ደረጃዬ ከአቅሜ በላይ ሆኖብኛል። ዝቅ ይበልልኝ ብል እንደ አጭበርባሪ እታያለሁ?

ምክንያት ካላችሁ አትታዩም። የትከሻ ጉዳት፣ የዓይን መድከም፣ ለዓመታት ስቲክ አለመያዝ፣ ዕድሜ። ስርዓቱ ምርጥ ውጤቶችን ስለሚይዝ ቶሎ አይወርድም፤ የድሮ ጉብዝናችሁ ለተወሰነ ጊዜ ይከተላችኋል። የአካባቢውን ሊግ ኃላፊ አነጋግሩና ምክንያቱን አስረዱት። ራሳችሁ ለማውረድ እየሳታችሁ አትጫወቱ። በእውነት ደክማችሁ ከሆነ ወረቀቱ ራሱ ያሳያል።

ተጋጣሚዬ ደረጃውን የሚደብቅ ይመስለኛል። እንዴት ላረጋግጥ?

መጀመሪያ ቀስ በሉ። የዚህ ዓይነት ጥርጣሬ ብዙ ጊዜ ትክክል አይደለም። ደረጃ 4 የሆነ ሰው አንድ ማታ እንደ 6 ሊጫወት ይችላል፤ ሰው ሁልጊዜ አንድ ዓይነት አይደለም። የተሸነፈ ሰው ደግሞ ያሸነፈውን ሁሉ አጭበርባሪ አድርጎ ያያል። በአንድ ማታ ተነስቶ ሰውን መክሰስ ነውር ነው፤ በተለይ ገና እየተሻሻለ ያለን ልጅ ስሙን ማጥፋት።

የሚያጠራጥረው የሚደጋገም ነገር ነው። ቀላል ኳስ ይስታል፣ ነጩ ኳስ ግን ሁልጊዜ እናንተን በሚያስቸግር ቦታ ይቆማል። ውጤቱ ምንም በማያመጣበት ጌም ይንገላታል፣ 2 ለ 2 ሲሆን ግን ሌላ ሰው ይሆናል። ሲዝኑን ሙሉ ተሸንፎ ማጣሪያ ላይ አይነካም። ስምንት ቁጥሩ ብቻ ቀርቶት ቀዳዳው አፍ ላይ ያለውን ይስትና ሁለት ሦስት ተራ ጨምሮ ይዘጋዋል። እነዚህን በተለያየ ሳምንት ካያችሁ ጥርጣሬያችሁ መሠረት አለው።

ከዚያ የምትሠሩት ሥራ አሰልቺ ነው፤ መጻፍ። ዲፌንሶቹን በራሳችሁ ወረቀት አንድ በአንድ መዝግቡ። ጠረጴዛው ላይ አትጩኹ፤ ከጮኻችሁ ነገሩ የሁለት ቡድኖች ጠብ ይሆንና እውነቱ ይረሳል። ወረቀቱን ለሊጉ ኃላፊ ስጡ። ኃላፊው ደረጃን ከፍ የማድረግ ሥልጣን አለው። በትልልቅ ሻምፒዮናዎች ላይ ደግሞ በውድድሩ መሃል የአንድ ተጫዋች ደረጃ ሊነሳ፣ ቡድኑም ሊሰረዝ ይችላል። ላስ ቬጋስ ድረስ ሄዶ መሰረዝ ለቡድኑ ሁሉ ውርደት ነው፤ ምንም ላላጠፉትም ጭምር።

ፋርጎሬት የሚባለው አሠራር ይሄን ችግር አይፈታውም?

በከፊል ይፈታዋል። ፋርጎሬት የተጫዋቾችን ደረጃ በነጥብ የሚያሰላ ሌላ ስርዓት ነው። የሠሩት በሰሜን ዳኮታዋ ፋርጎ ከተማ የዩኒቨርሲቲ መምህር የነበሩት ማይክ ፔጅ ናቸው። ኢኒንግ አይቆጥርም፤ ዲፌንስም አይጠይቅም። የሚያየው ከማን ጋር ተጫውታችሁ ስንት ጌም እንዳሸነፋችሁና ስንት እንደተሸነፋችሁ ብቻ ነው። በሁለት ሰዎች መካከል የ100 ነጥብ ልዩነት ካለ፣ ደካማው አንድ ሲያሸንፍ ጠንካራው ሁለት ያሸንፋል ተብሎ ይጠበቃል። 600 ከ500 ጋር ቢጫወት 2 ለ 1፤ 400 ከ300 ጋርም ያው ነው። ዓለም ላይ ያሉ ምርጦቹ ከ800 በላይ ናቸው።

ጥቅሙ ግልጽ ነው። በብዕር ማጭበርበር አይቻልም። ቁጥሩን ለማውረድ የግድ ጌም መሸነፍ አለባችሁ፣ ያ ደግሞ ቡድናችሁን ይጎዳል። በዚያ ላይ የሊግም የውድድርም ጨዋታ ወደ አንድ ቋት ስለሚገባ፣ እዚህ ደካማ እዚያ ጎበዝ መሆን ከባድ ነው።

ክፍተቱ ጥቂት ጌም ብቻ የተመዘገበላቸው ሰዎች ላይ ነው። ቁጥሩ የሚታመነው 200 ጌም ሲሞላ ነው። ከዚያ በፊት የመነሻ ግምት አለበት፤ ግምቱን የሚሰጠው ደግሞ ሰው ነው። ገንዘብ ያለበት ውድድር የሚያዘጋጅ ሰው ቁጥሩን ብቻ ሳይሆን በስንት ጌም እንደተገኘም ማየት አለበት። 480 የሚል ቁጥር በ30 ጌምና በ900 ጌም እኩል አይታመንም። ለገንዘብ ብሎ በየሳምንቱ ሊጉን ሆን ብሎ የሚሸነፍ ሰው ካለም ፋርጎሬት ብቻውን አያቆመውም።

እስካሁን ደረጃዬን ስደብቅ ነበር። አሁን ማቆም ብፈልግስ?

ከሚቀጥለው ሳምንት ጀምሮ ሙሉ ጨዋታችሁን ተጫወቱ፤ ዲፌንሳችሁን ተናገሩ። ደረጃው ከጥቂት ግጥሚያ በኋላ ይወጣል። ለካፒቴናችሁ አስቀድማችሁ ንገሩት፤ አሰላለፉን ማስተካከል ይኖርበታል። ማጣሪያ ወይም ሻምፒዮና ቅርብ ከሆነ ግን ይሄ አይበቃም። በሐሰት ቁጥር ውድድር ውስጥ ከመግባታችሁ በፊት የሊጉን ኃላፊ ደረጃዬን አንሳልኝ በሉት። ሰው ራሱ መጥቶ ከፍ አድርጉኝ ሲል ኃላፊዎች በአክብሮት ነው የሚቀበሉት።

የሚያጭበረብረው የአገሬ ልጅ ነው፤ ጓደኛዬም ነው። ላጋልጠው?

ከጥያቄዎቹ ሁሉ ከባዱ ይሄ ነው። በአንድ ከተማ ያለን ሰዎች በሰርግ፣ በለቅሶ፣ በእቁብ እንገናኛለን። በፑል ምክንያት የተቀያየሙ ሰዎች ቤተ ክርስቲያን በር ላይ ሲሸሻሹ ማየት አይፈለግም። ብዙ ሰው ዝም የሚለው ለዚህ ነው፤ እረዳዋለሁ። ግን በዝምታው የሚጎዳውም ሰው አለ። ማክሰኞ ማታ ልጆቿን ለእህቷ ትታ የምትመጣዋ ደረጃ 2፣ ጓደኛችሁ 4 ነኝ ብሎ ሲገጥማት ማንም አልነገራትም። እሷም ስም አላት፣ እሷም ወገን ናት፤ የአገራችን ልጅ ባትሆንም።

ስለዚህ አስቀድማችሁ ለራሱ ንገሩት። ቡና ላይ፣ ሁለታችሁ ብቻ ሆናችሁ፣ ያያችሁትን ቆጥራችሁ። «ያን ማታ ሰባት ዲፌንስ መታህ፣ ወረቀቱ ላይ አንድም የለም» በሉት። ብዙው ሰው እንደታየ ሲያውቅ ይተወዋል። ካልተወ፣ ቀጥሎ ለሊጉ ኃላፊ እንደምትናገሩ እዚያው ንገሩት፤ ከጀርባው አታድርጉት። ከዚያ ኃላፊው ጋ ስትሄዱ የአራት አምስት ሳምንት ወረቀት በእጃችሁ ይኑር፤ የምታወሩትም ስለ ጌሙ ብቻ ይሁን።